ከሥር ለሚመጣ ብርድ ከላይ መደረብ፦ ስለ ሃሞክ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለን፣ ቅዳሜና እሁድ ተራራ መውጣት የምንወድ ሰዎች እየተቀባበልን አነበብነው። ጸሐፊው በጥቅምት መጨረሻ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ፓርክ ሄደው፣ ወንዝ ዳር ሁለት ዛፍ መርጠው፣ ሃሞክ፣ ማለትም በዛፍ መካከል የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ፣ ሰቅለው አድረዋል። ማደር ከተባለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጡ ቆይተው ሲነጋ ወደ ቤታቸው ነዱ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጻፉ።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ሃሞክ የሞቃት አገር ዕቃ ነው፤ ለብርድ አልተፈጠረም። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ ያልሞቀው ሰው ሌላ ምንም አያሞቀውም። ያሞቃል ከተባለም ከሃሞክ ሥር የሚንጠለጠለው፣ 250 ዶላር የሚያወጣው የሱቅ ዕቃ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰፋው ቅራቅንቦ ነው። ያ የሚያብረቀርቀው ስስ ብርድ ልብስ ማጭበርበሪያ ነው። ፎም ፍራሽ ሲንሸራተት ስለሚያድር ጥቅም የለውም። በመጨረሻ መፍትሔ ብለው ያመጡት ደግሞ ከሃሞኩ በላይ በሚወጠረው ሸራ ሥር ትንሽ የከሰል ምድጃ ማስቀመጥ፣ ከዚያም አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ መጎንጨት ነው።

ይህ የመጨረሻው ባይኖር ዝም ብዬ ባለፍኩት። የበረደው ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም። ከሰል ሲመጣ ግን ዝም ማለት ከበደኝ። ከተነሳሁ አይቀር ሁሉንም ልመልስ።

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔም እንደ እሳቸው ሆኜ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋ የሃሞክ ሌሊቴ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነበረች። ወሩ ኅዳር። ስሊፒንግ ባጌ ደህና ነበር። ከሥሬ ደግሞ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩ። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው፤ ሲታጠፍ ስምንት ይሆናል። ስምንት ድርብ ላይ ተኝቶ ይበርደኛል ብሎ ማን ያስባል? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ደረቴ ሞቋል። ጀርባዬና መቀመጫዬ ግን የኔ አይመስሉም። ተነስቼ መኪና ውስጥ ገባሁና የቀረውን ሌሊት መሪ አቅፌ አደርኩ። ስለዚህ የምጽፈው ከላይ ወደ ታች እያየሁ አይደለም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

ሃሞክ የሞቃት አገር ዕቃ ነው ማለታቸው ግማሹ እውነት ነው። ቃሉም ዕቃውም የመጣው በካሪቢያን ደሴቶች ይኖሩ ከነበሩት የታይኖ ሕዝቦች ነው። ኮሎምበስ በ1492 እዚያ ሲደርስ ሰዎቹ በተንጠለጠለ መረብ ላይ እንደሚተኙ አየ። ግን ነገሩ እዚያ አልቀረም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1597 ለመርከበኞቹ መኝታ አድርጎ ተቀበለው። መርከቦቹ ደግሞ የሚቀዝፉት ካሪቢያን ብቻ አልነበረም። ሰሜን ባሕርን በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ታዲያ እነዚያ መርከበኞች ብርዱን እንዴት ቻሉት? ሃሞካቸው ውስጥ ፍራሽ ያነጥፉ ነበር። ይኸው ነው። ከሥራቸው አንድ ነገር አደረጉ። ጸሐፊው ያላደረጉት ይህንኑ ነው።

ሃሞክ የማይሆንበት ቦታ አለ ቢሉ ኖሮ አብሬ እፈርም ነበር። ሰሜን ተራሮች፣ ግጭ ሜዳ ላይ፣ 3,600 ሜትር አካባቢ፣ ሣርና ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ነው ያለው። ጅብራ ላይ ሃሞክ አስራለሁ የሚል ካለ መጀመሪያ ጅብራን አይቶ ይምጣ። መናገሻ ሱባ ደን ግን ሌላ ነው። ጽዱ ሞልቷል፣ ብርዱም አለ። እዚያ ለመስቀል ሰፊ ጠፍጣፋ ማሰሪያ መጠቀም ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ፤ ቀጭን ገመድ የዛፉን ልጥ ይቆርጣል።

ዋናው ስህተት ያለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ጸሐፊው ከላይ ደረቡ፣ ደረቡ፣ ደረቡ። ብርዱ ግን የሚመጣው ከሥር ነበር።

ስሊፒንግ ባግም ሆነ ብርድ ልብስ የራሱ ሙቀት የለውም። ሙቀቱ የኛ ነው። የልብሱ ሥራ በቃጫዎቹ መካከል አየር ይዞ ማቆም ነው። ያ የቆመ አየር ሙቀታችን እንዳይሸሽ ያግደዋል። ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። እፍኝ የማይሞላው ጥጥ ሲነደፍ ተነፍቶ ቁና ሙሉ ይሆናል። ክብደቱ ግን ያው ነው፤ የገባበት አየር ብቻ ነው። አሁን ያንን የተነደፈ ጥጥ ተቀመጡበት። ተመልሶ እፍኝ ነው።

ሃሞክ ውስጥ ስንተኛ የሚሆነው ይኸው ነው። ከላያችን ያለው የስሊፒንግ ባጉ ክፍል እንደተነፋ ይቆያል። ከሥራችን ያለው በክብደታችን ተጨፍልቆ ወረቀት ያክላል። ውዱ ከርካሹ አይሻልም። እንዲያውም በዝይ ላባ የተሞላው ውዱ የባሰ ይጨፈለቃል፤ ሻንጣ ውስጥ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነዋ።

መሬት ላይም እኮ ይጨፈለቃል የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ለዚህም ነው መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ከሥሩ ፍራሽ የሚያነጥፈው። መሬት በዚያ ላይ ነፋስ አያሳልፍም። ሃሞክ ግን አየር ላይ ነው። ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ጀርባችን ያሞቀውን አየር እየጠረገ ይሄዳል። ትኩስ ሻይ ስንጠጣ እፍ የምንለው ለምንድን ነው? ሃሞክ ላይ ከሥሩ ምንም ሳያደርግ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጀርባው ላይ እፍ ሲባልበት ያድራል። አሥር ጋቢ ከላይ ቢደርብ ይህን አያቆመውም።

ጋቢ ካነሳን አይቀር። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከረጠበ ደግሞ ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል። ሰው ተኝቶም ያልበዋል። የወንዝ ዳር ጤዛ ሲጨመርበት ጠዋት ጋቢው ምን እንደሚመስል አስቡት። ደረቅ ሌሊት ላይ፣ ከላይ ከሆነ፣ ጋቢን የሚያህል የለም፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ከሥር ግን አይሁን። ከአገራችን ልብስ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የመንዝ ባና ነው። የበግ ጠጉር ቢረጥብም እንደ ጥጥ ጨርሶ አይከዳም። የመንዝ እረኛ ይህን ያወቀው ከኛ በፊት ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ባና በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሌላ ታሪክ ነው።

በመሃል ጣል ያደረጓት ነገርም አለች፤ የሰውነት ሙቀት አብዛኛው በራስ በኩል ይወጣል የምትለዋ። ይህ የቆየ አፈ ታሪክ ነው። ራስ ከሰውነት ገጽ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ የሚያስወጣውም ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኮፍያ አድርጉ፣ እኔም አደርጋለሁ። ግን ኮፍያ ጀርባ አያሞቅም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

እውነት ነው፣ ለሃሞክ ተብሎ የሚሠራ፣ ከሥር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ አለ። አንደርኪልት ይሉታል። ሃሳቡ ቀላል ነው። ሙቀት መያዣውን ከሃሞኩ ውስጥ አውጥቶ ከውጭ፣ ከሥር ማንጠልጠል። እዚያ ሲሆን አንተኛበትም፤ ካልተኛንበት አይጨፈለቅም። በላባ የተሞሉት ጥሩዎቹ 200 እና 300 ዶላር ይጠይቃሉ። ገንዘቡ ያለው ቢገዛ አይጸጸትም። ግን ያ ሁሉ ብር የሚከፈለው ለምንድን ነው? ቀላል ስለሆነና ሲታጠፍ ዳቦ ስለሚያክል ነው። ሙቀቱን የሚሰጠው ውፍረቱ ነው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር የቆመ አየር በ300 ዶላር ቢገዛም በ30 ዶላር ቢገዛም ያው አምስት ሴንቲ ሜትር ነው።

የኔን ልንገራችሁ። ከአንድ ትልቅ መደብር በ25 ዶላር የገዛሁት፣ በፖሊስተር ቃጫ የተሞላ ኮምፎርተር (ወፍራም የአልጋ ልብስ) ነው። ሮዝ አበባ አለበት። የረከሰውም በአበባው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ወርዱ 130፣ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች ጣት በሚያስገባ ስፋት አጥፌ ሰፋኋቸው፤ እንደ መጋረጃ ዘንግ ማስገቢያ ማለት ነው። በውስጣቸው ላስቲክ ገመድ አሳለፍኩ። ገመዱ በአራቱም ማዕዘን ይወጣና ሃሞኩ የተሰቀለባቸው ሁለት ጫፎች ላይ ይታሰራል። አጫጭሮቹንም ጠርዞች እንዲሁ ሰፍቼ ቀጭን ገመድ አስገባሁባቸው። እሱ እንደ ፒጃማ ወገብ ይሸበሸባል፤ ከራስጌና ከግርጌ በኩል ነፋስ እንዳይገባ ያፍናል። በቃ። ገመዱ 8 ዶላር ነው። ክሩ ከቤት፣ ስፌት መኪናዋ ከጎረቤት። አርባ ዶላር አልሞላም።

ስፌት የማይሆንለት ሰው መርፌ ቁልፍ አለለት። ጠርዙን አጥፎ በየአንድ ስንዝሩ መቆለፍ ነው። አያምርም፤ ይሠራል። ሌላው አማራጭ የአሜሪካ ወታደሮች ፖንቾ ላይነር ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን የመጣ ስስ ብርድ ልብስ ሲሆን ያገለገለው በየወታደር ዕቃ መሸጫው ይገኛል። ጠርዙ ላይ ማሰሪያዎች ተሰፍተውለት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ማንጠልጠል ብቻ ነው። ስስ ስለሆነ ግን ለመስከረም እንጂ ለኅዳር አይመከርም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከኔ ትሻላላችሁ። ከሰልባጅ ተራ ያረጀ ኮምፎርት ገዝታችሁ ሠፈር ልብስ ሰፊ ጋ መውሰድ ነው። ለሶፋ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። አዎ በሉት። ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠል አልጋ ሆድ ሥር የሚታሰር ነው ብሎ ማስረዳት ቀኑን ይጨርሳል።

ቤት የተሠራው አይሠራም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አሰቃቀሉ ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው። ብርድ ልብሱ ላልቶ ከተንጠለጠለ ከጀርባችሁ ጋር ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ይዞራል፤ ያኔ ብርድ ልብሱ ኖረም አልኖረም። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ በጀርባችሁ ተጨፍልቆ ወደ ጥንቱ ችግር እንመለሳለን። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሃሞኩ ውስጥ ገብታችሁ ተኙ። ጓደኛ ከሥር መጥቶ በሃሞኩና በብርድ ልብሱ መካከል መዳፉን ያስገባ። ብርድ ልብሱ የሃሞኩን ጨርቅ ነክቶ፣ ግን ሳይጫን፣ እጁ ያለ ትግል ከገባ ተስተካክሏል። ይህን በጓሮ፣ በቀን፣ ሻይ እየጠጣችሁ አድርጉት። ተራራ ላይ በባትሪ ብርሃን፣ ጣት ደንዝዞ፣ የሚስተካከል ነገር የለም።

እኔ በዚህች አበባማ ነገር እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼባታለሁ። አንድ ሌሊት ከዜሮ በታች 4 ሲደርስ ግን በረደኝ፤ አልዋሽም። እንዴት እንዳለፍኩት ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። ክብደቷ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ሻንጣዬን ግማሹን ትበላለች። ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መኪና አቁሞ አንድ ሰዓት ተጉዞ ለሚያድር ግን ምን ችግር አለው?

ስለሚያብረቀርቀው ስስ ብርድ ልብስ የተናገሩት ላይ ግማሽ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። ማጭበርበሪያ አይደለም። ናሳ በ1964 ያወጣው ነገር ነው፤ ስስ ፕላስቲክ ላይ አሉሚኒየም ተቀብቶበት። ከሰውነት የሚወጣውን የጨረር ሙቀት አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቃል። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ በሱና በሰውነት መካከል ክፍተት። ከቆዳችን ወይም ከልብሳችን ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በመነካካት ያልፋል፤ ማንጸባረቁም ዋጋ ያጣል። ሁለተኛ፣ እንፋሎት የሚወጣበት መንገድ። ፕላስቲክ ነዋ፤ አይተነፍስም። ጸሐፊው ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ በሱ ተጠቅልለው ተኙና ጠዋት ረጥበው ተነሱ። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ድስት ከድኖ ክዳኑ ላበው ብሎ እንደመናደድ ነው።

ለሃሞክ የሚሆነው አጠቃቀም ሌላ ነው። ትልቅ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ውሰዱ። ሁለት ሦስት የሚያብረቀርቁ ብርድ ልብሶችን ጨብጣችሁ፣ ጨምድዳችሁ፣ ተመልሳችሁ ሳትዘረጉ ፌስታሉ ውስጥ ክተቱ። ጭምድዳቱ አየር ይይዛል። ትንሽ አየር ትታችሁ አፉን እሰሩትና በሃሞኩና ከሥር ባለው ጨርቅ መካከል አስገቡት። ዋጋው ከአሥር ዶላር በታች ነው፤ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም። ድምፁ ግን ሌላ ነው። በተገላበጣችሁ ቁጥር ቺፕስ የሚበላ ሰው አጠገባችሁ ያለ ይመስላል።

ከዚህ የሚረክስ ደግሞ አለ፤ የደረቀ ቅጠል። ከዜሮ በታች 4 በደረሰበት ሌሊት ያዳነኝ እሱ ነው። እዚህ አገር ሰው በመኸር ጓሮውን ጠርጎ ቅጠሉን በከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር ያስቀምጣል። እኔ ከራሴ ጓሮ ሁለት ፌስታል ሞልቼ መኪና ውስጥ ጭኜ ሄድኩ። ሰው ወደ ጫካ ቅጠል ይዞ ሲሄድ ያየ ጎረቤት ምን እንዳሰበ አላውቅም። ከፓርኩ መሬት ላይ መሰብሰብ ደስ አይለኝም፤ ቅጠሉ እዚያ የሚሠራው ሥራ አለው፤ በዚያ ላይ ቨርጂኒያ መዥገር አያጣችም። ከየትም ይምጣ፣ ደረቅ መሆን አለበት፤ ፌስታሉም ጥብቅ ብሎ ይታሰር። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የተጨመደደ ጋዜጣም ያገለግላል።

የመኪና መስታወት ላይ ለጸሐይ የሚደረገው የብር ቀለም ሽፋንስ? እሱም ጥሩ ነው፤ በተለይ በውስጡ የአየር አረፋ ያለው። ለብቻው አይበቃም፤ ከፎም ጋር ግን ጥሩ ጓደኛ ነው።

ፎሙ ላይ ስንደርስ ጸሐፊው አንድ እውነት ተናግረዋል፤ ይንሸራተታል። ሃሞክ ጎድጓዳ ነው፣ ፎም ቀጥ ያለ ነው። ሌሊት ስትገላበጡ ፎሙ በአንድ በኩል ይሸሻል፣ ትከሻችሁ በሌላ በኩል ባዶ ይቀራል። ይህን አይቶ አይረባም ማለት ግን ጫማ ጠበበኝ ብሎ በባዶ እግር መሄድ ነው።

እኔ የምመክረው ያንን ሰማያዊውን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን፣ 10 ዶላር አካባቢ የሚሸጠውን ፎም ነው። ሁለት ግዙ። አንዱን እንዳለ ተዉት። ሌላውን ለሁለት ቁረጡትና አንዱን ቁራጭ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን መቀመጫ ላይ በአግድም አድርጉት፤ እንደ መስቀል። ፎሙ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ ትከሻና ክንድ የሚበርደው ለዚህ ነው፤ አግድም ያለው ያንን ይሸፍናል። ቁርጥራጮቹን በአሮጌ አንሶላ ኪስ ሰፍቶላቸው እዚያ ውስጥ መክተት ይቻላል። ሃሞካችሁ ሁለት ድርብ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ በድርቦቹ መካከል አስገቡትና እርሱት፤ ከዚያ አይወጣም። ማዕዘኖቹን በመቀስ ክብ አድርጉ፤ ሹል ጥግ ጎን ይወጋል፣ ጨርቅም ይበሳል።

አተኛኘትም ለውጥ ያመጣል። መሃል ለመሃል እንደ ሙዝ ታጥፎ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። ሃሞኩን ትንሽ አላልታችሁ ስቀሉት፤ ማሰሪያው ከአግድም 30 ዲግሪ ገደማ ቢያጋድል ይበቃል። ከዚያ ሰያፍ ተኙ፣ ራስ ወደ አንዱ ጎን እግር ወደ ሌላው። ጀርባ ቀጥ ይላል፣ ፎሙም የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ቦታ ያገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለአገር ቤት አንባቢ። የወንበርና የፍራሽ ስፖንጅ ከዚህ ፎም ጋር አንድ አይደለም። ስፖንጅ ይጨፈለቃል፣ ውሃም ይጠጣል። ለመለየት ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክሮ መጭመቅ ነው። ውሃ ከጠጣ ለሶፋ ይሁን። ዮጋ የሚሠራበት ምንጣፍ ይሻላል፤ ከበድ ይላል እንጂ።

ለጀማሪ እኔ ከአንደርኪልትም በፊት የምለው ፎም ነው። ሃያ ዶላር አይበልጥም፣ አይቀደድም፣ ዛፍ ካልተገኘም መሬት ላይ ተነጥፎ ይተኛበታል። መርከበኞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ከሰሉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አይከረክርም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው አይነቃም። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ቤት ዘግተው ከሰል አስገብተው የተኙና በዚያው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? ሸራ ቤት አይደለም፣ አየር ያስገባል ይሉ ይሆናል። ነፋስ ለመከላከል እስከ መሬት ዝቅ ተደርጎ የታሰረ ሸራ ስንት ቀዳዳ እንዳለው በጨለማ የሚለካ የለም። በዚያ ላይ ሃሞኩ ናይለን ነው፣ ስሊፒንግ ባጉ ናይለን ነው፣ ኮምፎርተሩ ፖሊስተር ነው። አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። ሸናንዶዋ ራሱ ደግሞ ከመንገድ ርቆ በሚታደርበት የፓርኩ ክፍል ለእሳት ከተዘጋጁ ጥቂት ቦታዎች በስተቀር እሳት ማንደድን ከልክሏል። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ሸራ ሥር አይግባ፤ እሱም ያንኑ ጋዝ ያወጣል።

አረቄውም አያሞቅም። የሚሞቀን ይመስለናል፤ ምክንያቱም አልኮል ቆዳ አጠገብ ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ የሞቀ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ፊት ይግላል። ያ ሙቀት ግን ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ከግማሽ ሌሊት በኋላ ሒሳቡ ይመጣል።

ሙቀት ጨምሩልኝ የሚል ሰው ትኩስ ውሃ ይያዝ። ውሃ አፍልቶ፣ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ቀድቶ፣ ካልሲ አልብሶ በጭኖች መካከል ማድረግ። ለሰዓታት ይቆያል። ብቻ በሃይላንድ እንዳትሞክሩት፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ተኮማትሮ ይጣመማል፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይፈስሳል። ሁለተኛው ማገዶ ምግብ ነው። ቅቤ የጠገበ ጭኮ በልቶ የተኛ ሰው እንደኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይነቃም። ተመጥኖ ተበልቶ የተረፈው ግን ሃሞኩ ውስጥ አይደርም፤ ርቆና በሥርዓት ይቀመጥ። ሸናንዶዋ ድብ አለ፣ ጭኮ የማይወድ ድብ ደግሞ ገና አልተወለደም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጸሐፊው በነጥብ መልክ ያላስቀመጡት፣ መግቢያቸው ላይ በኩራት የጠቀሱት ነው። ሸለቆው ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ የውሃ ድምፅ እየሰሙ መተኛታቸውን። ያምራል። ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። የሸለቆው ግርጌ ከጎኑ ካለው ዳገት በብዙ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጫፍ ላይ መውጣትም መፍትሔ አይደለም፤ እዚያ ነፋሱ ይጠብቃችኋል። ከወንዙ ሃያ ሠላሳ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ነፋስ ከማይመታው ጎን፣ ሸራውን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዝቅ አድርጎ መስቀል ነው። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በነገራችን ላይ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ወደዚያው እንሄዳለን። ኮምፎርተር አሁን ሁለት ሰፍቻለሁ፤ አንዱ ሮዝ አበባ ያለበት፣ ሌላው ግራጫ። ጸሐፊው ቢመጡ ደስ ይለኛል። ግራጫውን ለሳቸው እሰጣለሁ፣ ጭኮውም አለ። ዛፉን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።